ስም ያልተጠራበት ማሰሮ

ማሰሮው ቤታችን ሲገባ ሳቅኩ። ጥፋቴ የሚጀምረው ከዚህ ነው። አጎትየው የተናገረው፣ አባቴ የጠጣው፣ ስቶብዳን ያሰበው፣ ሁሉም ከእኔ ሳቅ በኋላ የመጣ ነው። ሌላ ሰው ቢሆን ፈገግ ብሎ ይተው ነበር። እኔ ግን ጥርሴ ብርድ እስኪመታው ነው የሳቅኩት።

ገብሱ ተወቅቶ ባለቀ በሦስተኛው ቀን ነበር። ቤታችን ከመንደሩ ግርጌ ያለው የወፍጮ ቤት ነው፤ የሰውን ገብስ እየፈጨን በሶ አድርገን እንኖራለን። ከላይ፣ ከገዳሙ ሥር፣ ባለ ሦስት ፎቁ የላይ ቤት አለ። ጥሩ ጥሩው ማሳ የእነሱ ነው፤ ወፍጯችንን የሚያዞረው ውሃም በእነሱ ማሳ አልፎ ነው የሚወርደው። ስለዚህ የላይ ቤት ሰው ደጃችን ሲቆም አባቴ ሳይታወቀው ወገቡ ጎንበስ ይላል።

ያን ቀን ሁለት ሰዎች ቆሙ። አንደኛው የላይ ቤት አባወራ ስቶብዳን ነው፤ ሠላሳ አምስት ዓመት የሞላው፣ ሚስቱ ከሁለት ዓመት በፊት የሞተችበት፣ ዝምተኛ ሰው። ሁለተኛው አጎቱ ኢሼ ነው፤ እሱ ደግሞ ለሁለቱም የሚበቃ ያወራል። ስቶብዳን በሁለት እጁ ጠላ የሞላ የመዳብ ማሰሮ አቅፏል። በማሰሮው አፍ ዙሪያ ሦስት ቦታ ቅቤ ተለጥፏል።

ቅቤ የተለጠፈበት ማሰሮ ምን እንደሚል በእኛ አገር ሕፃንም ያውቃል፤ ልጃችሁን ስጡን ነው የሚለው። በመጀመሪያው ማሰሮ የሙሽራው ስም አይጠራም፤ ቤት ነው ቤትን የሚጠይቀው። ጠላው ከተጠጣ ሁለተኛው ማሰሮ ስሙን ይዞ ይመጣል። በሦስተኛው ሙሽራዪቱ ትሄዳለች።

እኔ ደግሞ ስሙን ቀድሜ የማውቅ መሰለኝ። ሞቱፕ ነዋ! የስቶብዳን ታናሽ ወንድም፣ ከተራራው በር፣ ከማለፊያው ወዲያ ያለው የእኔው ሞቱፕ።

“አባዬ፣ እንግዳ ደጅ ላይ ይቆማል እንዴ?” ብዬ እየሳቅኩ ሮጬ በሩን ከፈትኩት። ወጉ ጓዳ ተደብቆ ማልቀስ ነበር። አባቴ ገላመጠኝ።

“አንቺ፣ እግርሽን ምን ነካው? እሳት ረገጥሽ?” አለች እናቴ።

“ተያት!” አለ አጎት ኢሼ እየሳቀ። “ውሃ ጥማችንን አይታ ነው።”

አባቴ ጽዋውን ይዞ አመነታ። እጅጌውን ሳብ አደረግኩና “ጠጣ አባዬ፣ ስሞትልህ ጠጣ” አልኩት በጆሮው። ጠጣ። አያቴ ሜሜ ሁለት ጊዜ አስሞላ። ያኔ ቀና ብዬ ስቶብዳንን አየሁትና በወንድሙ ፈንታ ለእሱ ሳቅኩለት። ፊቱ ቀስ እያለ ቀላ። እኔም “ምን ዓይነት ደግ ሰው ነው፣ ለወንድሙ እንዲህ የሚደሰት!” አልኩ በልቤ። ደስታ እንዲህ ያሳውራል።

*

ሞቱፕ በሰባት ዓመቱ ገዳም ገብቶ ነበር። በእኛ ዘንድ ማሳውን የሚወርሰውም የሚያገባውም በኩሩ ነው፤ ታናሹ ይመነኩሳል። እሱ ግን ሃያ ሲሞላው ካባውን አጥፎ ለአበምኔቱ መለሰና ወጣ። መንደሩ ጉድ አለ። ማሳ የለው፣ ቤት የለው፣ ምንኩስናውም የለው፤ ከሁለት ያጣ ጎመን ሆነ። ደግነቱ ከካርጊል ከተማ የመጡ ሰዎች የአውራጃችንን ተራራና ወንዝ፣ አውሬና የጥንት ታሪክ የሚዘረዝር መጽሐፍ ሊያዘጋጁ ጽሕፈት የሚያውቅ ተወላጅ ይፈልጉ ነበርና ቀጠሩት።

ሥራውን የጀመረው በእኛው ወንዝ ነው። ወፍጯችን አጠገብ መጣና “የገመዱን ጫፍ ያዢልኝ” አለኝ። ያዝኩለት። በድልድዩ ተሻግሮ ከወዲያ ማዶ ገመዱን ወጠረው። ለመለካት አንድ ጊዜ መወጠር ይበቃ ነበር። እሱ ግን ላላ ያደርገዋል፣ መልሶ ይወጥረዋል፤ በወጠረ ቁጥር ጣቶቼ ላይ ይሰማኛል። አንገቴን ደፍቼ ቆምኩ። አሥር ጊዜ ያህል እንዲህ ሆነ።

“ስንት ሆነ?” አልኩት ሲመለስ።

“እ... ገና ነው። በደንብ አልለካሁትም” አለና ገመዱን ሲጠቀልል ራሱ ላይ አወሳሰበው። በማግስቱ ሄደ። ይኸው ሁለት ዓመት ሆነው፤ እጄ ግን ያንን ገመድ አልለቀቀም።

ለእኔ መጻፍ አይችልም። ላላገባች ልጅ ደብዳቤ ቢመጣ መንደሩ ያን ቀን በሶ አያሻውም፣ በወሬው ይጠግባል። ስለዚህ የሚጽፈው ለወንድሙ ነው። ስቶብዳን ፊደል አልቆጠረም። መንደራችን ውስጥ አስተማሪ በነበረባቸው አራት ዓመታት ተምሬ የሰውን ደብዳቤ ሁሉ የማነበው እኔ ነኝ፤ ሞቱፕ ይህን አሳምሮ ያውቃል። እንግዲህ እናንተው ፍረዱኝ። እንዲህ ብሎ ይጽፋል፦

«አቾ፣ ታላቅ ወንድሜ። በመጽሐፉ ላይ አገራችን በዓመት ሰባት ወር መንገዷ በበረዶ ይዘጋል ብዬ ጻፍኩ። አለቃዬ ‹ሰባት ወር ሙሉ ምን ትሠራላችሁ?› አለኝ። እንጠብቃለን አልኩት።»

ይህ ለወንድም የሚጻፍ ነው? ወይም ይህ፦

«ከፔንሲ ተራራ በር ሥር ያለውን የበረዶ ግግር ዛሬ ለካሁት። ከሩቅ ሲያዩት የሞተ ይመስላል። ጆሮ ሲያስጠጉበት ግን ውስጥ ውስጡን ውሃ ይሄዳል።»

“በውስጡ ውሃ አለ?” ይላል ስቶብዳን፣ የታመመ ጉልበቱን እያሻሸ።

“እንደዚያ ነው የሚለው” እላለሁ። ጆሮዬ ይግላል። ግግሩ እኔ ነኝ፣ ሌላ ማን ይሆናል?

አንድ ጊዜ በብርድ ወራት፣ ወንዙ ግጥም ብሎ ረግቶ ነጋዴዎች በላዩ በእግር ሲመጡ፣ ስለ በረዶ ነብር የሚያወራ ደብዳቤ ይዘው መጡ። ስቶብዳን እሱን ሦስት ጊዜ አስነበበኝ። ስጨርስ ሁልጊዜ ሻይ ራሱ ይቀዳልኛል። ወረቀቶቹን በጨርቅ ጠቅልሎ ደረቱ ውስጥ ይከታቸዋል። ሰላምታውንና ለእሱ ብቻ የሆነውን መስመር አንዳንዴ እዘለው ነበር። ማን ይጎዳል ብዬ ነው፤ ሰላምታ እንደሆነ ሁሌም አንድ ነው።

ገብሱ ሊታጨድ ሲል የመጣችው ግን አጭር ነበረች። «አቾ፣ ቤታችን ሴት ካጣ ሁለት ዓመት ሆነው። የተራራው በር በበረዶ ሳይዘጋ ማሰሮ ላክ። ወዴት እንደምትልክ ታውቃለህ።»

ድምፄ ተንቀጠቀጠ። ስቶብዳን ረጅም ጊዜ አየኝ።

“ልላክ እንዴ?” አለ።

“ይላክ እንጂ!” አልኩ። ከቤታቸው እስከ ወፍጮው ድረስ እየሮጥኩ ወረድኩ። ያን ቀን ቁራ ሁሉ ዘመዴ ነበር።

*

በአሥረኛው ቀን ሁለተኛው ማሰሮ መጣ። አጎት ኢሼ ብቻውን ነው የመጣው፤ ጉሮሮውን ጠረገና “የላይ ቤት አባወራ ስቶብዳን የወፍጮ ቤቷን ልጅ ኩንዘስን ለራሱ ይጠይቃል” አለ።

“ለማን?” አልኩ ከጓዳ። በሶው ከእጄ ወለሉ ላይ ተበተነ።

“ለማን ይሁን?” አለ አጎት ኢሼ። “ለድመቱ?”

እናቴ በደስታ አለቀሰች። የእናቷን ባለ ሰማያዊ ፌሩዝ ድንጋይ የራስ ጌጥ ከሣጥን አውጥታ መወልወል ጀመረች፤ የወፍጮ ቤት ልጅ የላይ ቤት እመቤት ልትሆን! እኔ ግን የቆምኩበትን አላወቅኩም። አባቴን በወፍጮው በኩል ይዤው ወጣሁ።

“አባዬ፣ እኔ እኮ...”

“አንቺ እኮ ምን? ‹ስሞትልህ ጠጣ› ያልሽኝ አንቺ አይደለሽም?”

“ነኝ። ግን...”

“ግን ምን?”

ምን ልበለው? አንድም ቀን ስሜን ጽፎ የማያውቅ ሰው እወዳለሁ ልበለው? የቸኮለች አፍሳ ለቀመች ይላሉ፤ እኔ የምለቅመውም ጠፋኝ።

“ማሰሮውን እንመልሰው” አልኩ። በእኛ መንደር የጠጣ ቤት ሐሳቡን ከለወጠ ማሰሮውን በራሱ ጠላ ሞልቶ ይመልሳል። ጠያቂው ከጠጣው ቂም የለም። መሬት ላይ ካፈሰሰው ግን ሁለቱ ቤቶች ለልጅ ልጅ ይቆራረጣሉ።

አባቴ ወደ ቦዩ ጠቆመኝ። “ውሃው በማን ማሳ ነው የሚወርደው?” አለና ገባ።

ሜሜ ደጃፉ ላይ ፀሐይ እየሞቀ ሰምቶን ኖሮ “በእኛ ጊዜ እንዲህ ያለ ራስ ምታት አልነበረም” አለ። “ማሰሮው ለቤቱ ነው፣ ወንድማማቾቹ ሁሉ ባሎች ናቸው። እናቴ ሦስት ባል ነበራት። አንዳቸውም ደብዳቤ አልጻፉላትም።”

“ሜሜ፣ ደብዳቤ ያለ ማን ነው?”

“ዓይኔ ነው የፈዘዘው ልጄ። ጆሮዬ ደህና ነው።”

ከዚያ በኋላ ያሉትን ቀናት እንዴት እንደኖርኳቸው አላውቅም። ሁሉም ነገር ሁለት ሆነብኝ። ሞቱፕ ለራሱ ጠይቆ ይሆን? ወይስ እሱ ራሱ ነው ለወንድሙ የዳረኝ? «ወዴት እንደምትልክ ታውቃለህ» ብሏል፣ “ለእኔ” ግን አላለም። ግግሩስ ግግር ብቻ ቢሆንስ? ገመዱም ገመድ? እኔ ነኝ ከድንጋይና ከውሃ ፍቅር የሠራሁት? መልሱን ተራራው ይዞት ተቀምጧል፤ እኔም በሁለት ወንድማማቾች መካከል አንዱን ስጠላ ሌላውን ስናፍቅ፣ ደግሞ ስገለብጠው፣ አብዳለሁ አልኩ።

*

የተራራው በር ሊዘጋ ጥቂት ቀን ሲቀረው የመጨረሻዎቹ ነጋዴዎች ደብዳቤ አመጡ። ስቶብዳን አስጠራኝ።

ጢሙን ተላጭቷል። የደረቀ ሚሽሚሽ በሰሃን አስቀምጦ፣ የቅቤ ሻዩን ሁለት ጽዋ ቀድቶ ጠበቀኝ። ዓይን ዓይኔን ላለማየት ጣሪያውን ያያል። ወረቀቱን ከፈትኩና ጀመርኩ፦

«አቾ፣ ማሰሮው የወፍጮ ቤት መግባቱን፣ መጠጣቱንም ነጋዴዎች ነገሩኝ...»

ዓይኔ ከአፌ ቀድሞ ሮጠ። ከዚያ በታች ያለውን አየሁና አቆምኩ።

“ምነው ቆምሽ?” አለ። “ታሟል?”

መዋሸት እችል ነበር። ማንም አያውቅብኝም። “ወንድምህ እንኳን ደስ ያለህ ብሎሃል” ብል እሱ ሻዩን ይጠጣል፣ እኔም ሚስቱ እሆናለሁ። እውነቱን ባነብ ይህን ጢሙን የተላጨ ሰው በገዛ አፌ ልወጋው ነው። ከዚያ ግን የእጄ ጣቶች ገመዱን አስታወሱኝ። አነበብኩ።

«...በደስታ ሳለቅስ ማንም አላየኝም። ማሳ ለሌለኝ ለእኔ ብለህ ወገብህን ጎንበስ አድርገህ ሄድክልኝ። ይህን ውለታህን አልረሳም። አሁን አንድ ነገር ልናዘዝልህ። ይህን ደብዳቤ የምታነብልህ እሷ ናት። ሁለት ዓመት ስለ ወንዝና ስለ ተራራ የጻፍኩት ለእሷ ነበር። ኩንዘስ፣ የወንዛችሁን ስፋት ጠይቀሽኝ ነበር። ሠላሳ ስምንት ክንድ ነው። ያን ቀንም አውቄው ነበር።»

እሳቱ ውስጥ ኩበቱ ሲፈነዳ ተሰማ።

“ድገሚው” አለ።

ደገምኩት። ሁለተኛው ከመጀመሪያው ይከብዳል።

“‹ይላክ እንጂ› ብለሽኝ ነበር።”

“ለእሱ መስሎኝ ነው፣ አቾ።”

“ድምፅሽ ተንቀጠቀጠ።”

“እሱም ለእሱ ነበር።”

“ደጁን ከፍተሽ ሳቅሽልኝ እኮ!”

ወረቀቱን አጠፍኩት። እጁን ጉልበቱ ላይ አስደግፎ በቀስታ ተነሣና ጣቱን ወደ ሻዩ ዘርግቶ “ይቀዘቅዝብሻል” አለኝ። ከዚያ ወጣ። ሞቱፕ እንደሚወደኝ በሕይወቴ ለመጀመሪያ ጊዜ ያወቅኩት ያን ቀን ነው፤ ደስታው ግን እንደዚያ ሻይ ቀዘቀዘብኝ።

*

ሦስት ቀን የስቶብዳን ድምፅ ጠፋ። በአራተኛው ጠዋት ወፍጮው ቆመ።

ወፍጮ ሲቆም ቤቱ ደንቆሮ ይሆናል። አባቴ ወጥቶ ቦዩን አየ፤ ጠብታ የለም። “ዘጋው!” አለ። “ምን አጥፍተሽ ነው? ውሃውን ዘጋብን!” እናቴ የራስ ጌጡን ይዛ ዱቄቱ ላይ ቁጭ አለች።

የመዳብ ማሰሮውን አነሣሁ፤ በሚስጥር ጠንስሼው ከነበረው ጠላ ሞላሁትና ሽቅብ ወጣሁ። ማሰሮ የሚመልሱት ወንዶች ናቸው። ይሁንና ያበላሸሁት እኔ ነኝ። ተናድጄ ነበር። “ይህ ነው ደግነትህ? ባታገኘኝ ልታስርበን?” የሚል ንግግር እያዘጋጀሁ ቦዩን ተከትዬ ወጣሁ።

ከማሳው ራስ ላይ አገኘሁት። እስከ ጉልበቱ በበረዶው ውሃ ውስጥ ቆሞ፣ በመጥረቢያ የቦዩን አፍ ይፈልጣል።

“ወፍጮው ቆመ አይደል?” አለ ሳይዞር። “ብርዱ ዘንድሮ ቀደመ። ግጥም ብሎ ረግቷል። ትንሽ ነው የቀረው።”

ያዘጋጀሁት ንግግር ሁሉ አፌ ውስጥ ቀረ። የታመመው ጉልበቱ ውሃው ውስጥ ነው። እፍረቱ ከብርዱ ባሰብኝ።

ዞረና ማሰሮውን አየው። ቅቤ እንደሌለበትም አየ። መጥረቢያውን ጣለ።

“አባትሽ አይመጣም ነበር?”

“የጠጣነው በእኔ ነው። የምመልሰውም እኔ ነኝ።”

ተቀበለኝ። በሁለት እጁ ይዞ ቆመ። መሬት ወይ ከንፈር። የአባቴ ወፍጮ፣ የሁለቱ ቤቶች ሰላም፣ የእኔና የሞቱፕ ነገር እዚያ ማሰሮ አፍ ላይ ነበር። አነሣና ጠጣ። ቆሞ፣ ሳያርፍ፣ ግማሹን ጠጣው። አፉን በእጁ ጀርባ ጠረገ።

“ጉሽ ነው” አለ።

“ቸኩዬ ነው።”

“አንቺ መቼ ሳትቸኩይ ታውቂያለሽ?” አለና ከት ብሎ ሊስቅ ሲል ሳቁ መንገድ ላይ ጠፋበት። ውሃውን እያየ ቀጠለ። “የመጀመሪያው ማሰሮ ስም አልነበረውም። ለእሱ እንደነበር ነው የሚቆጠረው። አጎቴን እኔ ዝም አሰኘዋለሁ። ሦስተኛውን ሞቱፕ ሲመጣ ራሱ ይሸከመዋል። ወላጆቻችን ሲያረጁ የነበሩበት ትንሹ ቤት ባዶውን ነው፤ የታችኛውን የአተር ማሳ ጨምሬ እሰጣችኋለሁ።”

ልፈነጥዝ ይገባ ነበር። አንገቴን ደፍቼ ቆምኩ።

“ግን ልጠይቅሽ” አለ። “ሁሉም ላንቺ ነበር? የግግሩም?”

“የግግሩም።”

“ሰባት ወር የሚለውም?”

“እሱም።”

“የነብሩስ?” ድምፁ እንደ ሕፃን ሆነ። “ነብሩን እወደው ነበር። ሰው በሌለበት አስበዋለሁ። እሱ እንኳ የእኔ አልነበረም?”

ከደረቱ ጥቅሉን አወጣ። ማንበብ አይችልም፤ የትኛው የትኛው እንደሆነ ግን ያውቃል። “ይኸኛው ነው። ሻይሽ የተንጠባጠበበት።” ሰጠኝ። ያ ደብዳቤ መጨረሻው ላይ ምን እንዳለው ከእኔ በቀር የሚያውቅ አልነበረም። አነበብኩለት፦

«ዛሬ ገደሉ ላይ የበረዶ ነብር አየሁ። ጅራቱን አፍንጫው ላይ ደርቦ ተኝቷል። በረዶ ይወርድበታል፣ አልተነሣም። አየኝ፤ አልፈራም፣ አልተቆጣም።»

ሦስት ጊዜ ሳነብለት ሦስቱንም ጊዜ እዚህ ላይ ነበር ያቆምኩት። ወረቀቱን ያጠፍኩት በቅናት ነው፤ የቀረው መስመር የእኔ እንዲሆን ስለፈለግኩና ስላልሆነ። ቀጠልኩ።

«አንተን መሰለኝ፣ አቾ። ሁላችን ስንሄድ ቤቱን ጠብቀህ የቀረኸው አንተ ነህ። በዚህ ሁሉ ተራራ መሐል ከሁሉ አብልጬ የምናፍቀው አንተን ነው።»

በረዶው ተሰነጠቀ፤ ውሃው መጀመሪያ በቀጭኑ፣ ከዚያ እየሞላ በስቶብዳን እግሮች መካከል አልፎ ወደ ወፍጯችን ወረደ።

“ይህን አላነበብሽልኝም ነበር” አለ በመጨረሻ።

“አላነበብኩም። ይቅር በለኝ።”

ፊቱን ወደ ተራራው አዞረ።

“ድገሚው” አለ።

ደገምኩለት። ሦስት ጊዜ፣ አንድም ቃል ሳልዘል። ከዚያ ባዶ እጄን በቦዩ ዳር ወረድኩ። የማን እንደሆንኩ አውቄያለሁ፤ ለማን እንደማለቅስ ግን እስከ ቤታችን ደጃፍ ድረስ አላወቅኩም።